ሃርድ ዲስኩ ወደ ኤስኤስዲ ከተቀየረ በኋላ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ 2010 እንደገና ሲጫን ይዘጋል፤ መላው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ_ሂሳብ

ሰላም ለሁላችሁ። ችግሩ ያለው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ በሚሠራበት ዴስክቶፕ ላይ ነው። የነበረው 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ በጣም ስለዘገየ በ480 ጊጋባይት ሳታ ኤስኤስዲ ተቀየረ። የድሮው ላይ የነበረው ዊንዶውስ 7 ነው፤ አዲሱ ላይ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ከዜሮ ተጭኗል። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። የድሮው ዲስክ ፎርማት አልተደረገም፣ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ኬዙ ውስጥ ተሰክቶ አለ።

ፒችትሪ 2010ን ከፍላሽ ስጭን ዋናው ፕሮግራም ይገባል፤ የዳታቤዙ ኢንጂን (ፐርቫሲቭ) ላይ ሲደርስ መስኮቱ ድንገት ይጠፋል። እንዲያም ሆኖ አይከኑ ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል፤ ስከፍተው አርማው ብቅ ይልና ያለ አንዳች መልእክት ይዘጋል። አጥፍቶ መጫን፣ በአድሚኒስትሬተር ማስጀመር፣ ኮምፓቲቢሊቲውን ዊንዶውስ 7 ላይ ማድረግ፣ ከድሮው ዲስክ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለውን ፎልደር ገልብጦ አዲሱ ላይ መለጠፍ ተሞክሯል፤ ለውጥ የለም።

የአራት ዓመት ዳታ ያለው በድሮው ዲስክ ላይ ነው፣ የወሩ የቫት ማሳወቂያ ጊዜም እየደረሰ ነው። የድሮውን ዲስክ ክሎን ማድረግ (ከነዊንዶውሱ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ) ይሻላል ወይስ አሁን ባለበት መላ አለው?

መልስ፦ ለገሃር_ጥገና

ለጊዜው መጫኑን ያቁሙና ዳታውን ያድኑ። ፕሮግራሙ ነገም ይጫናል፤ ዳታው ግን አንዴ ከተበላሸ የሚመልሰው የለም።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ የኤስኤስዲውን ኬብል ያውጡና የድሮውን ዲስክ ብቻውን ያስነሱት። ፎርማት ካልተደረገ ዊንዶውስ 7 ከነፒችትሪው መነሳት አለበት። እምቢ ካለ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡ፦ የማስነሻው ሁነታ ለዊንዶውስ 10 ሲባል ወደ ዩኢኤፍአይ ተቀይሮ ይሆናል፤ ወደ ሌጋሲ ወይም ሲኤስኤም ይመልሱት፣ ሥራዎን ሲጨርሱ ደግሞ እንደነበረ ያድርጉት።

ፒችትሪ ሲከፈት በመጀመሪያ ፋይል ሜኑ ውስጥ ገብተው ባክአፕ ያውጡ፤ በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሰጥዎታል፣ እሱ ወደ ፍላሽ ይሂድ። ሄልፕ ሥር አባውት የሚለውን ከፍተው የቨርዥን ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሜይንቴይን ውስጥ ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን ሲገቡ ደግሞ ዳይሬክተሪ የሚል መስመር ያገኛሉ፤ ዳታው በእርግጥ የት እንደተቀመጠ የሚናገረው እሱ ነው፣ ሰው «እዚህ ነው» ያለው ቦታ አይደለም። የቅርቡን ወር ትራያል ባላንስም አትመው ይያዙ፤ በኋላ ማመሳከሪያ ይሆንዎታል።

ፒቲቢው ብቻውን አይበቃም፣ የካምፓኒውን ፎልደር ራሱንም ይቅዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ፒችትሪ ከተዘጋ በኋላም ኢንጂኑ ከጀርባ እየሠራ የዳት ፋይሎቹን (ዳታው የተጻፈባቸውን) ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁኔታ የተቀዳ ፎልደር ኢንጂኑ ሜሞሪ ላይ ይዞት ገና ዲስክ ላይ ያልጻፈውን ይጥላል። ሰርቪስስ መስኮት ውስጥ በፐርቫሲቭ የሚጀምረውን ስቶፕ ያድርጉ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ደብሊው3ዲቢኤስኤምጂአር» የሚባል አለመኖሩን ይዩ፣ ከዚያ ፎልደሩን ከነዲዲኤፍ ፋይሎቹ (የዳታውን አደረጃጀት ከሚገልጹት) አንድም ሳይቀር ይውሰዱ። ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ቅጂው መሃል ላይ እያለ መብራት ከሄደ ጉዳቱ ዳታው ላይ ነው።

ከፕሮግራም ፋይልስ ገልብጠው የለጠፉትን ፎልደር ያስወግዱት። ፕሮግራም ማለት ፎልደሩ ብቻ አይደለም፤ ሲጫን ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) ውስጥ የሚጻፍ፣ ሲስተሙ ውስጥ የሚመዘገብ ዲኤልኤል (ፕሮግራሙ የሚጠራው አጋዥ ፋይል) እና እንደ ሰርቪስ የሚተከል ኢንጂን አለው። ፎልደሩን መገልበጥ ከእነዚህ አንዱንም አያመጣም፤ ይልቁንም ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ምርመራውን ያበላሻል።

መልስ፦ ስታዲየም_አይቲ

ለገሃር ያለውን ከጨረሱ በኋላ ወደ መዘጋቱ እንግባ። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚዘጋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ ቦታ እየቀያየረ? ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ዕቃው ይጠርጠር፦ ራም፣ ኬብል፣ ኤስኤስዲው ራሱ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚደገፍበት አንድ ነገር አዲሱ ዊንዶውስ ላይ የለም ማለት ነው። ደጋግሞ መጫን የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ጫኙ የራሱን ፋይሎች እንጂ ዙሪያው ያለውን አይጠግንም።

ስለዚህ ከመገመት ይልቅ ኢቨንት ቪወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ) ይክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ቀጥሎ አፕሊኬሽን። ፕሮግራሙ በተዘጋበት ደቂቃ ቀይ ምልክት ያለው ቁጥር 1000 ኢቨንት ይኖራል። ውስጡ ኤክሴፕሽን ኮድ የሚል መስመር አለ፣ መጨረሻውን ይዩ። በ135 ካለቀ የሚፈለግ ዲኤልኤል የለም፣ በድሮ ፕሮግራሞች ላይ ብዙውን ጊዜ ዶት ኔት (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የማይክሮሶፍት ማዕቀፍ) ነው። በ7ቢ ካለቀ ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ፋይሎች ተደባልቀዋል። በ006 ካለቀ ዊንዶውስ ፋይሉን ከዲስኩ ማንበብ አቅቶታል፣ ያኔ ሶፍትዌሩን ትተው ወደ ዲስኩና ኬብሉ ይሂዱ። በ005 ካለቀ ፕሮግራሙ የማይገባው የሜሞሪ ቦታ ነክቷል፤ ይህ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ከሥሩ ያለውን የሞጁል ስምና የፋይል መንገድ አብረው ያንብቡ። ከጎኑ ቁጥር 1026 ኢቨንት ካለም ዶት ኔት ራሱ የጻፈው ስለሆነ ይጠቅማል።

እዚያው ሲስተም የሚለውን ሎግ ይዩ። 129 እና 153 የሚል ቁጥር በተደጋጋሚ ካለ ዲስኩ መልስ እየዘገየ ዊንዶውስ ደግሞ ጥያቄውን እየደገመ ነው፤ 7 ካለ የተበላሸ ብሎክ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ደግሞ ሲ7 የሚለው ቁጥር ከቀን ወደ ቀን የሚያድግ ከሆነ የሳታ ኬብሉን ይቀይሩ። ኤስኤስዲ ሲገባ የድሮው ኬብል እንዳለ ይቀራል፤ ለዘገምተኛው ሃርድ ዲስክ ይበቃ የነበረ ኬብል ለአዲሱ ፍጥነት ላይበቃ ይችላል።

የእርስዎ አገላለጽ ሁለት ቋሚ ቦታዎችን ስለሚጠቅስ ግምቴ ወደ ጎደለ ነገር ያደላል። ዊንዶውስ 7 ዶት ኔት 3.5ን ይዞ ነበር የሚመጣው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ጠፍቶ ነው የሚጫነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፕሮግራምስ፣ ከዚያ የዊንዶውስ ፊቸሮችን ማብሪያና ማጥፊያው ውስጥ ገብተው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 3.5 ላይ ምልክት ያድርጉ (2.0 እና 3.0ን አብሮ ይይዛል)። ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ081ኤፍ የሚያልቅ ስህተት ካመጣ ፋይሎቹን ማግኘት አልቻለም ማለት ነው፤ ዊንዶውስ የተጫነበት ፍላሽ ላይ ሶርስስ የሚል ፎልደር ውስጥ ኤስኤክስኤስ አለ፣ በዲአይኤስኤም ትእዛዝ ምንጩን ወደዚያ አመልክተው ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ፍላሹ ግን ከተጫነው ዊንዶውስ ጋር አንድ ቨርዥን መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ያው ስህተት ይደገማል።

ዲፎልት ፕሪንተርም ይታይ። የሂሳብ ፕሮግራሞች ሲነሱ የፕሪንተሩን መረጃ ያነባሉ፤ አዲስ ዊንዶውስ ላይ ፕሪንተር ከሌለ ወይም ፕሪንት ስፑለር ሰርቪሱ ከቆመ ሲከፈቱ ሊዘጉ ይችላሉ። ለሙከራ ኤክስፒኤስ ዶክዩመንት ራይተርን ዲፎልት አድርገው፣ ዊንዶውስ ዲፎልቱን ራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። የሪጅን ፎርማቱም እንግሊዝኛ ዩናይትድ ስቴትስ ይሁን፤ የአሜሪካው ፒችትሪ ቀን የሚያነበው በዚያ አጻጻፍ ነው።

መልስ፦ ፒያሳ_ኔትወርክ

እኔ ክሎን ነበር የምመርጠው። ቫት ደርሶ ሳለ አዲስ ሲስተም መግጠም አያስፈልግም ነበር። 500ው ዊንዶውስ ላይ 465፣ 480ው ደግሞ 447 ሆኖ ስለሚታይ ፓርቲሽኑን መጀመሪያ ማጥበብ ይጠይቃል፤ የተያዘው ቦታ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ያልቃል።

መልስ፦ ስታዲየም_አይቲ

አልስማማም፣ ሁለት ምክንያት አለኝ። ዲስኩ የተቀየረው ስለዘገየ ነው፤ የዘገየ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ማንበብ የሚያቅተው ሴክተር አለው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ክሎኑ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይም ያን ሴክተር ባዶ አድርጎ ያልፋል፤ የጎደለው የትኛው ፋይል እንደሆነ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ሪፖርት ሲወጣ ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ ካጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ የሂሳብ ኮምፒውተር ላይ እሱን መልሶ ማንገሥ አልመክርም። ሲ5 ዜሮ ሆኖ ጊዜው ካጠረ ግን ለዚህ ወር ብቻ በድሮው ዲስክ አስነስቶ ሥራውን መጨረስ ይቻላል፣ ክሎንም አያስፈልገውም።

ሜክሲኮ_ሂሳብ

በጣም አመሰግናለሁ። የድሮው ዲስክ ተነሥቷል፤ ፒቲቢውም ፎልደሩም ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል። ሲ5 ዜሮ፣ የአዲሱ ሲ7ም ዜሮ ነው። ሲስተም ሎጉ ላይ 129ም 153ም የለም።

ኤስኤስዲው ላይ ኮዱ በ135 የሚያልቅ ነበር። ዶት ኔት 3.5 ከበራ በኋላ አርማው ትንሽ ቆየት ይላል፤ ከዚያ ያው ይዘጋል፣ ኮዱ አሁን በ005 ያልቃል። ኢንጂኑ ሲጫን መጥፋቱም አልተለወጠም። ስታዲየም ባለው መሠረት የፋይል መንገዱን ሳነብ ዩዘርስ ከሚለው ቀጥሎ የተጠቃሚው ስም መሆን ሲገባው የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ የተከፈተው አካውንት ስሙ «ሂሳብ ክፍል» ነው፣ በአማርኛ ፊደል። ይህ ግንኙነት ይኖረዋል?

መልስ፦ አራት_ኪሎ_ኮድ

አዎ፣ የተገኘው እሱ ነው። የጥያቄ ምልክቶቹ ሁሉንም ነግረውዎታል።

ዊንዶውስ ስሞችን በዩኒኮድ ስለሚያስቀምጥ የግዕዝ ፊደል ለእሱ ችግር አይደለም። ይህን ዘመን ያህል የቆየ ፕሮግራምና ጫኙ ግን የፋይል መንገድን የሚያነቡት በድሮው የኮድ ገጽ ነው፤ የእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ቁጥሩ 1252 ነው፣ የላቲን ፊደል እንጂ «ሂ»ም «ሳ»ም «ብ»ም የሉበትም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ ነው። ጫኙ ኢንጂኑን መጀመሪያ ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች) ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል፤ ቴምፕ ያለው በተጠቃሚው ፎልደር ሥር ነው፤ የማይገኝ መንገድ ይዞ ሲሄድ ይወድቃል። ፒችትሪም ሲከፈት በዚያው መንገድ የራሱን ሴቲንግ ሊያነብ ሲል ይዘጋል። የድሮው ዲስክ ላይ ያልታየው አካውንቱ በላቲን ፊደል ስለነበረ ነው።

ስሙን ከኮንትሮል ፓነል መቀየር አይረዳም፤ የሚቀየረው የሚታየው ስም ብቻ ነው፣ ዩዘርስ ውስጥ ያለው ፎልደር እንደተፈጠረ ይቀራል። ፎልደሩን በእጅ መቀየርም አይሞከር፣ ሬጅስትሪው በድሮው መንገድ ስለሚፈልገው በማግስቱ ባዶ ዴስክቶፕ ይዞ ይነሳል። የሚሠራው አዲስ ሎካል አካውንት ነው፦ በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ክፍት ቦታ የሌለው አጭር ስም፣ ዓይነቱ አድሚኒስትሬተር። ከዚህኛው ሙሉ በሙሉ ሎግ አውት ብለው በአዲሱ ይግቡ። ከዚያ ሲ ድራይቭን፣ ዩዘርስን ከፍተው የፎልደሩ ስም በላቲን መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

አሁን ያለውን ግማሽ የተጫነ ነገር ያጽዱ። ከፕሮግራሞች ዝርዝር ፒችትሪን፣ ቀጥሎ በፐርቫሲቭ የሚጀምረውን ሁሉ ያራግፉና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። ፕሮግራም ፋይልስ (ባለ 32 ቢቱ) እና ፕሮግራም ዳታ ውስጥ የቀሩትን የፒችትሪና የፐርቫሲቭ ፎልደሮች ያጥፉ፤ ፕሮግራም ዳታ የተደበቀ ስለሆነ ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስን ያብሩ። እነዚህ ሲቀሩ አዲሱ ኢንጂን የድሮውን ግማሽ ሴቲንግ አንሥቶ ይነሳል፣ ወይም አይነሳም።

ጫኙን ከፍላሽ አያስኬዱት፤ ሲ ላይ አጭር የላቲን ስም ያለው ፎልደር ፈጥረው እዚያ ይገልብጡት፣ ዚፕ ከሆነም መጀመሪያ ይዘርግፉት። የዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ በርቶ ከሆነ ተጭኖ እስኪያልቅ ያጥፉትና መልሰው ያብሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሪጅን ሴቲንግ ውስጥ ዩቲኤፍ-8ን ለሁሉም ቋንቋ የሚያበራ፣ ቤታ የሚል ምልክት አለ። ለአማርኛ ስም መፍትሔ የሚመስላቸው ሰዎች ያበሩታል። ጥያቄ ምልክቱን ያጠፋ ይሆናል፤ ግን አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብለው የተሠሩ የድሮ ፕሮግራሞችን ሌላ ቦታ ላይ ይሰብራቸዋል። ጠፍቶ ይቆይ። የኢንቮይስ ፎርማችሁ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ፎንት አዲሱ ዊንዶውስ ላይ መጫን አይርሱ፤ አለበለዚያ የድርጅቱ ስም የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታተማል። ያ ብልሽት አይደለም፣ ፎንቱ ስለሌለ ነው።

መልስ፦ ለገሃር_ጥገና

አራት ኪሎ እንዳለው ተጭኖ ሲከፈት መጀመሪያ የእርስዎን ሳይሆን አብሮ የሚመጣውን የናሙና ካምፓኒ ይክፈቱ። እሱ ከተከፈተ ፕሮግራሙና ኢንጂኑ ደህና ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስህተት ሁሉ የዳታና የመንገድ ጉዳይ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የድሮውን ዲስክ ነቅለው ያውጡ፣ ዳታውንም ከእሱ ላይ በቀጥታ አይክፈቱ። ፋይል ሜኑ ውስጥ ሪስቶር ብለው ፒቲቢውን እንደ አዲስ ካምፓኒ ያስገቡ።

የድሮው ዲስክ ተሰክቶ ሲቀር ሁለት ጣጣ ያመጣል። ሲ የነበረው አሁን ዲ ወይም ኢ ስለሆነ የተጻፈው መንገድ ሁሉ ይሳሳታል። የፋይሎቹ ባለቤትም የድሮው ዊንዶውስ ተጠቃሚ ስለሆነ አዲሱ ላይ ስሙ ቢመሳሰል እንኳ እንደ ባዕድ ነው የሚታየው።

ኢንጂኑ ስታተስ ብሎ ቁጥር ቢያወጣ እንዲህ ይነበባል። 20 ኢንጂኑ አልተነሳም፤ ሰርቪሱን ይዩ። 12 ፋይሉ በተባለው ቦታ የለም፤ በፒችትሪ ስም የሚጀምረውን አይኤንአይ ፋይል በኖትፓድ ከፍተው ዳታፓዝ የሚለው መስመር ወዴት እንደሚያመለክት ያረጋግጡ። 46 ወይም 94 የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ የዳታ ፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሪድ ኦንሊ መሆኑን ያንሱ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ ገብተው ኦውነሩን ወደ አዲሱ አካውንት ይቀይሩ፣ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲደርስ የሚያደርገውን ምልክት ጨምረው። 2 ከመጣ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ኢንጂኑ ፋይሉን ማንበብ ወይም መጻፍ አልቻለም፣ ቅጂው የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ከሁለተኛው ቅጂ ይሞክሩ።

ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ዳታውን የሚጋራ ከሆነ ፋየርዎሉ ላይ 3351 እና 1583 ለቲሲፒ ይከፈቱ።

ሜክሲኮ_ሂሳብ

በአዲሱ አካውንት ተጫነ፤ ኢንጂኑም ሳይጠፋ አለቀ። የናሙናው ካምፓኒ ተከፍቷል። ፒቲቢው ሲገባ ስታተስ 94 አወጣ፤ ኦውነሩ ሲቀየር ተስተካከለ። አሁን የኛው ካምፓኒ ተከፍቷል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ ስታዲየም_አይቲ

አለ። ያተሙትን ትራያል ባላንስ ከአዲሱ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ፤ ጠቅላላ ድምሩ መመጣጠኑ ብቻ አይበቃም፣ የባንክና የቫት ሂሳቦቹ ለየብቻ ይታዩ። የመጨረሻው ኢንቮይስ ቁጥር እና የመጨረሻው ክፍያ ቫውቸር ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይግጠሙ። ከዚያ አዲስ ባክአፕ አውጥተው ፋይል ሜኑ ውስጥ ያለውን ዳታ ቬሪፊኬሽን ያስኪዱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ቬሪፊኬሽኑ የሚያስተካክለው ነገር ስላለ ከእሱ በፊት ያለው ሁኔታ በእጅ መኖር አለበት።

ወደፊት ከ2010 ወደ አዲስ ቨርዥን (ስሙ ከ2013 ቨርዥን ጀምሮ ሴጅ 50 ሆኗል) የሚሸጋገሩ ከሆነ ዳታው አንዴ በአዲሱ ከተከፈተ በድሮው አይከፈትም፤ የዛሬውን ፒቲቢ ለብቻው ያስቀምጡት። ኤስኤስዲው ራሱ አዲስ ስለሆነም ኤችቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ባዶውን ቦታ እስከ መጨረሻው አስጽፈው ያስነብቡት፤ 447 ብሎ እያሳየ ያን ያህል የማይዝ ዲስክ ገበያ ላይ አለ፣ ጉዱ የሚታየውም ሲሞላ ነው። ሌሊት ትተውት ሊያድር ይችላል፣ ዩፒኤሱ ላይ ግን።

መልስ፦ ለገሃር_ጥገና

የድሮው ዲስክ በፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ የዘንድሮው ሂሳብ ተዘግቶ ኦዲተሩ እስኪፈርም ማንም ፎርማት አያድርገው።